ስለ ኪቦርድ ግዢና ብልሽት
(የማኅበራችን ጸሐፊ በአባላት ስብሰባ ላይ ያደረጉት ንግግር። ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ።)



ዛሬ የምናገረው በአዳራሻችን ስላለው የሙዚቃ ኪቦርድ ነው። «ድንኳኑ ሳይጠገን ስለ ሙዚቃ ዕቃ ምን ያስወራዋል?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ነገር ግን ዕቃው የተገዛው በእናንተው መዋጮ ነው። ከዚህም በላይ በዚሁ ዕቃ ሰበብ አንድ ልጃችን ተበድሏል። በዳዩም እኔ ነኝ። ስለሆነም ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ።

ኪቦርዱን የገዛነው ከሰው እጅ ሲሆን ከአሜሪካ የመጣ ነው። አዳፕተሩ ላይ 120 ቮልት ተብሎ ተጽፏል፤ ማናችንም አላነበብነውም። የእኛ አገር መብራት ደግሞ 220 ቮልት ነው። በሰካነው ዕለት አዳፕተሩ ሸተተና ሞተ። ከዚያ ወዲያ ልጆቹ በስድስት ባትሪ ድንጋይ ሲለማመዱ ቆዩ። ድንጋይ ቶሎ ቶሎ ያልቃል፣ ወጪም ነው። እኔም አንድ ማታ ብቻዬን የቤቴን የሬዲዮ አዳፕተር አምጥቼ፣ 9 ቮልት የሚለውን ብቻ አይቼ ሰካሁት። አልበራም። ነቅዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

በማግሥቱ ልጁ አዲስ ድንጋይ ቢያስገባ ዕቃው ጸጥ አለ። «መጨረሻ የነካው እሱ ነው» ተባለ። ልጁም አዳራሽ መምጣት ተወ። እኔ እያወቅሁ ዝም አልኩ። በኋላ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ወስደነው ሲከፈት፣ በተገላቢጦሽ በገባ ኤሌክትሪክ መከላከያው ዳዮድ ተቃጥሎ ተገኘ። ተቀይሮለት ይኸው ይሠራል። እናቱ እዚህ ተቀምጠዋል። እሳቸውንም ልጁንም በእናንተ ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አሁን ሁለተኛ ኪቦርድ እንግዛ የሚል ሐሳብ ስለቀረበ፣ ጠጋኙ ያስረዳኝንና እኔም በኪሳራ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

ስንገዛ፦

1ኛ/ የቁልፉን ቁጥር እንይ። 61 ቁልፍ ማለት አምስት ኦክታቭ ነው፤ ለጀማሪ ይበቃል። 37ቱና ቁልፎቹ ቀጫጭን የሆኑት ለሕፃን መጫወቻ ናቸው፤ የጎልማሳ ጣት አይችሉም።

2ኛ/ ቀስ ብለን ስንነካው ለስለስ፣ ጠንከር ስናደርግ ጎላ የሚል ከሆነ እሱ ይሻላል። በጣም ርካሾቹ ይህ የላቸውም።

3ኛ/ ከሰው እጅ ስንገዛ ቁልፉን ሁሉ ከግራ እስከ ቀኝ አንድ በአንድ እንጫን። ሻጩ ቢቸኩል እኛ አንቸኩል። የድንጋይ ቤቱንም ከፍተን ዝገት አለመኖሩን እንይ።

4ኛ/ አዳፕተሩ ላይ «ከ100 እስከ 240 ቮልት» ካለ በአገራችን መብራት ይሠራል። 120 ብቻ ካለ ሶኬት አይንካ። በሚያወጣው በኩል ደግሞ ሦስት ነገር ይታያል፦ ቮልቱ ከኪቦርዱ ጋር እኩል መሆኑ፣ አምፔሩ አለማነሱና የጫፉ አቅጣጫ። አቅጣጫው በነጥብና በግማሽ ክብ ተሥሏል። ከነጥቡ ጋር የተያያዘው + ከሆነ ውስጡ ፖዘቲቭ ነው፤ − ከሆነ ኔጌቲቭ። ብዙዎቹ የያማሃ አነስተኛ ኪቦርዶች 12 ቮልት፣ ከአዲሶቹ ካሲዮዎችም ብዙዎቹ 9.5 ቮልት ሆነው ውስጣቸው ፖዘቲቭ ነው። ከድሮዎቹ ካሲዮዎች ግን 9 ቮልት ሆነው ውስጣቸው ኔጌቲቭ የሆኑ ብዙ አሉ። እኔን የጣለኝ ይኸው ነው።

ተበላሸ ሲባል፦

1ኛ/ በርቶ ድምፅ ከሌለው ድምፁ ዝቅ ተደርጎ እንደሆነ እንይ። የጆሮ ማዳመጫ ተሰክቶ ከተረሳም ስፒከሩ ዝም ይላል።

2ኛ/ ሳይነካ ቆይቶ በራሱ ከጠፋ ብልሽት ላይሆን ይችላል። ብዙዎቹ ለቁጠባ ሲባል ራሳቸውን ያጠፋሉ።

3ኛ/ ድምፁ ከዘፋኙ ጋር አልገጥም ካለ ትራንስፖዝ የሚባለው ተነክቶ ይሆናል፤ ወደ ዜሮ ይመለስ። ክራሩን ግን ከኪቦርዱ ጋር የምናስማማው ክራሩን በመቃኘት ነው።

4ኛ/ ሲጎላ ድምፁ ከተቆራረጠ ወይም በራሱ ከጠፋ መጀመሪያ ድንጋዩ ይቀየር።

5ኛ/ አንድ ቁልፍ ዝም ካለ ወይም ሁልጊዜ ከጮኸ፣ ብዙውን ጊዜ ከሥሩ ያለው ጥቁር ጎማ የሚነካው ቦታ አቧራ ይዞ ነው። ከአዳፕተርና ከድንጋይ ተለይቶ፣ ብሎኖቹ በየቦታቸው ተለይተው ተቀምጠው፣ ሰሌዳው በጥጥና በአልኮል በስሱ ይጠረጋል። ይህን ለጠጋኙ እንተወው፤ በካቻቢቴ የሚሞክር አይኑር።

እንግዲህ «ይህ ሁሉ ለምን?» ቢባል፣ ሙሉ ባንድ ማቋቋም የማይችል ሠፈር በአንድ ኪቦርድ ብዙ ይሠራል። አርቲስት ኃይሉ መርጊያ በ1985 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሆነው አኮርዲዮንና ኪቦርድ ብቻቸውን እየተጫወቱ ካሴት አሳትመዋል። የእኛም ልጆች ከመንገድ ላይ ይልቅ እዚህ ቢያመሹ የማን ጥቅም ነው?

ስለሆነም ሦስት ነገር እንዲጸድቅ አሳስባለሁ። አዳፕተሩ ከኪቦርዱ ጋር በገመድ ታስሮ «ሌላ አይሰካ» የሚል ይለጠፍበት። የወሰደና የመለሰ በመዝገብ ይፈርም፤ ጸሐፊውም ቢሆን። ዕቃ ሲበላሽም ከላይ ያሉት ነጥቦች ሳይታዩ የማንም ልጅ ስም አይነሳ።

የዳዮዱንና የጠጋኙን ሒሳብ ከኪሴ ከፍያለሁ፤ ደረሰኙ ገንዘብ ያዡ ዘንድ አለ። ልጁ ቅዳሜ ልምምድ እንዲመጣ እናቱን ለምኛለሁ፤ እናንተም አግዙኝ።