የመጀመሪያው ባለ ጠረጴዛ መጋዝ

የቤት ዕቃ መሥራት ለመጀመር ባለ ጠረጴዛ የኤሌክትሪክ መጋዝ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ከዋጋው በፊት ሦስት ነገር ተመልከቱ።

አንደኛ፣ እንጨቱ ተደግፎት የሚሄደው ብረት ሲቆለፍ እንዳይነቃነቅ፣ ከምላጩም ጋር ትይዩ ይሁን።

ሁለተኛ፣ የምላጩ መሸፈኛና ከምላጩ ኋላ የምትቆመው ስስ ብረት መኖራቸውን አረጋግጡ። ስሷ ብረት ከሌለች የተሰነጠቀው እንጨት ተመልሶ ምላጩን ይነክሳል፤ ምላጩም እንጨቱን ወደ ሠራተኛው ይወረውረዋል። ያገለገለ መጋዝ ብዙ ጊዜ እነዚህ ወልቀው ይሸጣል፤ እንዲህ ያለውን በርካሽም አትግዙ።

ሦስተኛ፣ የእስራኤል መብራት 230 ቮልት ነው፤ በ120 ቮልት የሚሠራ የአሜሪካ መጋዝ ይቃጠላል።

ስትሠሩ ጓንት አታጥልቁ፤ ምላጩ ከያዘው እጅን ይስባል። ጠባብ እንጨት በመግፊያ ዱላ ግፉ። ምላጭ ስትቀይሩ ሶኬቱን ንቀሉ። እንጨት ቢበላሽ ይተካል፤ ጣት ግን አይተካም።