ቀዩ ዘግይቶ ይመጣል

እሷ፦ መርካቶ፣ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ሱቅ ላለው ነጋዴ በኤሌክትሮኒክ ወረቀት የተሠራ የዋጋ መለያ ብትወስድለት ይገዛዋል?

እሱ፦ ዋጋ በክርክር በሚቆረጥበት መርካቶ? እንጃ! አሠራሩ ግን ያስደንቃል። ዓይን በማያያቸው እንክብሎች ውስጥ፣ ጥርት ባለ ፈሳሽ ላይ፣ ነጭና ጥቁር ቅንጣቶች ይንሳፈፋሉ። አንዱ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጌቲቭ ቻርጅ አለው።

እሷ፦ ቮልቴጁ ሲገለበጥ ቦታ ይለዋወጣሉ ማለት ነው።

እሱ፦ አዎ። ከዚያ ኃይሉ ቢቋረጥም ጽሑፉ ከቦታው አይነቃነቅም። መብራት ሄደ መጣ ለሚልበት ሰፈር ይህ ቀላል አይደለም። ኢ ኢንክ የተባለው ኩባንያ በ1997 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተቋቋመው በዚሁ ሐሳብ ነው።

እሷ፦ ቀዩስ? የብራና ጸሐፍቶቻችን እኮ የቅዱሳንን ስም በቀይ ነው የሚጽፉት። ጥቁርና ቀይ ብቻ ይዘው ስንት ዘመን ሠርተዋል!

እሱ፦ ባለ ሦስት ቀለሙም አለ። እዚያ ላይ ቀዩ ከጥቁሩ ጋር አንድ ዓይነት ቻርጅ ይይዛል፤ የቻርጁ መጠን ግን ያንሳል። ስለዚህ ደከም ያለ ቮልቴጅ ረዘም ላለ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ገጹ እስኪረጋ ብዙ ሰከንድ ይፈጃል።

እሷ፦ የመርካቶ ነጋዴ እስከዚያ ዋጋውን ሁለቴ ይቀይራል!