ቁጥር በምላስ፣ ቁጥር በእጅ

(ለየቲም ሕፃናት አሳዳጊዎችና ለበጎ አድራጊ ወገኖች በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ዛሬ እንድንናገርበት የተሰጠን ርዕስ ሕፃናትን ሒሳብ ስለ ማስተማር ነው። ከመካከላችሁ «ገና አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ምን ሒሳብ አለው?» ብሎ የሚገረም አይጠፋም። እኛም ለብዙ ዓመታት እንዲሁ እናስብ ነበር። አሳባችንን ያስለወጠችን አንዲት የቲም ልጅ ናትና ንግግራችንን በእርሷ ታሪክ እንጀምራለን። ስሟን ግን አንጠራም፤ የልጅ ገመና አማና ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በመዋዕለ ሕፃናታችን የዓመቱ መዝጊያ በዓል ላይ ይህች ልጅ በለጋሾች ፊት ቆማ ከአንድ እስከ መቶ ያለ አንዳች ስሕተት ቆጠረች። አዳራሹ በተክቢራ ተናወጠ። ያስተማርናት እኛ ነበርንና ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ይሁን እንጂ አንደኛ ክፍል ገብታ ሁለት ወር ሳይሞላት መምህርቷ አስጠርታ «ይህች ልጅ ሒሳብ ጨርሶ አልገባትም» አለችን። አላመንናትም። ሄደን ከልጅቷ አጠገብ ተቀመጥንና ሽምብራ ጠረጴዛው ላይ በትነን «ልጄ፣ እስቲ ሰባት ስጪኝ» አልናት። እፍኟን ሞልታ ሰጠችን።

«ሰባት ነው?»

«አዎ፣ ኡስታዝ።»

«እስቲ ቁጠሪው።»

በዚያው በለመደችው ዜማ ፈጥና ቆጠረች። ጣቷ አንዱን ሽምብራ ሁለት ጊዜ ይነካል፤ ሌላውን ይዘላል። አሥራ ሁለት ላይ አቆመች። «ታዲያ ስንት ሆነ?» ብንላት ግራ ተጋብታ አየችንና እንደገና «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…» ብላ ጀመረች።

ያን ዕለት ያፈርነው በራሳችን ነው። እስከ መቶ ያስቆጠርናት ለበዓሉ ነበር። አዳራሹ ሲያደንቃት ልጅቷ ሰባት ምን እንደሆነ አታውቅም ነበር፤ እኛም አለማወቋን አላወቅንም።

ውድ ወገኖች፣ ይህን ስንል የቃል ጥናትን ማናናቃችን አይደለም። እኛ ራሳችን በወሎ ገጠር ደረሳ ሳለን ያደግነው በቃል ጥናት ነው። «አሊፍ፣ ባ፣ ታ» እያልን በዜማ ስንወርድ፣ ፊደሉን ከለውሑ ላይ ለይተን ሳናውቅ ዜማው ግን አይጎድልብንም ነበር። ሸኻችን ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበርና በድንገት ከመካከል አንዱን ፊደል በስንጥር ነክተው «ይህስ?» ይሉናል። ያኔ ዜማው ያልቅና ዕውቀቱ ይፈተናል። ቁጥርም እንዲሁ ነው። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ማለት ዜማው ነው፤ «ሰባት ስጪኝ» ማለት ደግሞ የሸኹ ስንጥር ነው።

ሮሼል ጌልማንና ቻርልስ ጋሊስቴል የተባሉ ሊቃውንት እ.ኤ.አ በ1978 ዓ.ም ስለ ሕፃናት የቁጥር ዕውቀት ባሳተሙት መጽሐፍ፣ መቁጠር አምስት ሕጎች እንዳሉት አስረድተዋል። አንደኛው፣ የቁጥር ስሞች ቅደም ተከተላቸው አይናወጥም። ሁለተኛው፣ ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ስም ብቻ ይሰጣል፤ የሚደገም ወይም የሚዘለል የለም። ሦስተኛው፣ መጨረሻ ላይ የተጠራው ስም «ስንት ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሆናል። አራተኛው፣ የሚቆጠረው ሽምብራም ይሁን በግ ወይም የበር ማንኳኳት ሕጉ ያው ነው። አምስተኛው፣ ከቀኝም ከግራም ቢጀመር ድምሩ አይለወጥም። የእኛ ልጅ የመጀመሪያውን ሕግ እስከ መቶ ታውቀው ነበር። ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን ገና አልተጨበጡላትም።

ካረን ዊን የተባሉ ሌላ ተመራማሪም እ.ኤ.አ በ1990 ዓ.ም ባወጡት ጥናት፣ ልጆችን «ይህን ያህል ስጡኝ» እያሉ በመጠየቅ የመረመሩት ይህንኑ ነው። ሕፃን መጀመሪያ «አንድ» የሚለውን ብቻ ያውቃል፤ ሁለት ሲባል የተገኘውን ያፍሳል። ቆይቶ ሁለትን፣ ከዚያም ሦስትን ይለያል። ከዚህ በኋላ ነው የመቁጠር ምስጢሩ የሚገለጥለት። ይህ ጉዞ ብዙ ወራትን ይፈጃል። ስለሆነም አንድ ልጅ ዘገየ ብሎ መቆጣት አይገባም፤ የሚገባው የት እንደደረሰ ማወቅ ነው።

«ታዲያ ይህ ሁሉ ለምን ያስጨንቀናል? ሲያድጉ ያውቁት የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ግሬግ ዳንከንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ በ2007 ዓ.ም ልጆችን ለዓመታት የተከታተሉ ስድስት ጥናቶችን አጣምረው መርምረው ነበር። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲገቡ የነበራቸው የሒሳብ ዕውቀት፣ ከሌሎቹ ችሎታዎች ሁሉ ይበልጥ ከኋለኛው የትምህርት ውጤታቸው ጋር ተዛምዶ አገኙት። መዛመድ ብቻውን ምክንያት ነው ባይባልም፣ ጅምሩን ችላ ማለት እንደማይገባ ግን ያስጠነቅቃል።

ለየቲም ደግሞ ሌላም ነገር አለ። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አን-ኒሳእ ስለ የቲሞች ገንዘብ ሲያዝ፣ ለአቅመ አዳም ደርሰው ብስለት ሲታይባቸው ገንዘባቸውን እንድናስረክባቸው፣ ስናስረክብም ምስክር እንድናቆም ደንግጓል። ቆጥሮ የማያውቅ ሰው ምኑን ይረከባል? በዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባግዳድ የነበሩት ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ ስለ አልጀብራ በጻፉት መጽሐፍ ውስጥ ሰፊውን ቦታ የያዘው የውርስ ድርሻ ስሌት ነው። ሒሳብ ለእኛ የባዕድ ትምህርት አይደለም፤ የደካማን ሐቅ መጠበቂያ ሚዛን ነው። ሚዛኑም የሚጀምረው ከሰባት ሽምብራ ነው።

እንግዲህ እንዴት እናስተምር? እኛ ከዚያች ልጅ በኋላ ክፍላችንን እንደገና አደራጅተናል። ያገኘነውንም ባጭሩ እንነግራችኋለን።

መጀመሪያ በትንሹ እንጀምራለን። እስከ መቶ መሮጥ ቀርቶ እስከ አምስት እንጨብጣለን። ልጁ አንዷን የጠርሙስ ክዳን አንሥቶ ወደ ሌላ ሳሕን ሲያዛውር አንድ ስም ይጠራል፤ እጁ ሳይንቀሳቀስ ምላሱ አይቀድምም። ሲጨርስ «ስንት ሆነ?» እንለዋለን። ከሦስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ባሉበት ቤት ግን ሽምብራና ባቄላ አይሰጥ፤ አፍንጫና ጆሮ ውስጥ ይገባልና።

ቀጥሎ የቆጠረውን በፊቱ እንበትነዋለን። አምስት ክዳኖችን አራርቀን «አሁንስ ስንት ነው?» ስንለው ብዙ ልጅ «በዛ» ይላል፤ መደርደሪያው ረዝሟልና። ዣን ፒያዤ የተባሉት የስዊዘርላንድ ሊቅ ይህን የልጆች ስሕተት አጥንተው ለዓለም አሳውቀዋል። ልጁን አንሳቅበትም፤ እንደገና እንዲቆጥር እንተወዋለን። አምስቱ አሁንም አምስት መሆኑን በእጁ ሲያገኘው ፊቱ ላይ የሚታየው ደስታ ለመምህር ትልቅ ስጦታ ነው።

ሦስተኛ፣ እናጫውታለን። ጌታ ራማኒና ሮበርት ሲግለር እ.ኤ.አ በ2008 ዓ.ም ባወጡት ጥናት፣ ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች የመጡ ልጆች ከ1 እስከ 10 ቁጥር በተጻፈበት ሰሌዳ አራት ጊዜ፣ በየጊዜው ሩብ ሰዓት ያህል ብቻ ተጫውተው የቁጥር ዕውቀታቸው ተሻሽሎ ተገኝቷል። ከዘጠኝ ሳምንት በኋላም ለውጡ አልጠፋም። በቁጥር ፈንታ ቀለም ብቻ ባለው ሰሌዳ የተጫወቱት ግን እንዲህ አልተለወጡም። እኛ ሰሌዳውን ከካርቶን ሠራነው። ክዳን ወርውረን በአፉ ከተደፋ አንድ፣ ከተንጋለለ ሁለት ቤት እንሄዳለን። ሦስት ላይ የነበረ ልጅ ሁለት ቤት ሲሄድ «አንድ፣ ሁለት» አይልም፤ «አራት፣ አምስት» ይላል። ምስጢሩ እዚህ ላይ ነው።

አራተኛ፣ ከአሥር በላይ ሲኬድ ቋንቋችን ራሱ ይረዳናል። «አሥራ አንድ» ማለት አሥርና አንድ ማለት ነው። አሥር ስንጥር በክር አስረን ከአጠገቡ አንድ ስናኖር ልጁ ቃሉን በዐይኑ ያየዋል። ስድስትና ስድሳ፣ ሰባትና ሰባ፣ ዘጠኝና ዘጠና ዝምድናቸውን በጆሮ ያሳውቃሉ።

ዐረብኛ ቁጥር ጎን ለጎን ለሚማሩ ልጆቻችን ደግሞ አንድ ጥንቃቄ ያሻል። ዐረብኛው «ኸምሳ ወዒሽሪን» ሲል አምስቱን አስቀድሞ ሃያውን ያስከትላል፤ እኛ ደግሞ ሃያውን እናስቀድማለን። የዐረብኛው የአምስት ምልክት ክብ ስለሆነ ከዜሮ ጋር፣ የስድስቱም ከ7 ጋር ይምታታል። ልጁ 25ን 52 ብሎ ቢጽፍ ሰነፍ ነው አይባል። ሁለት መንገድ እየተማረ ነውና ልዩነቱን እናሳየው። በጣቱ ሲቆጥርም እጁን አንምታው፤ ጣት አላህ የሰጠው የመጀመሪያ ሰሌዳ ነው።

አሁን ወደዚያች ልጅ እንመለስ። የምታሳድጋት አያቷ ናቸው፤ በጉሊት ቲማቲምና ሽንኩርት ይሸጣሉ። እቤታቸው ሄደን «እማማ፣ በየቀኑ አሥር ደቂቃ ያህል አብረዋት ይቁጠሩ» ብንላቸው አንገታቸውን ደፉ።

«ኡስታዝ፣ እኔ ፊደል ያልቆጠርሁ ሰው ነኝ። ምን አስተምራታለሁ?»

እኛም «እማማ፣ ቲማቲሙን ማን ነው የሚቆጥረው?» አልናቸው።

ሳቁ። በማግስቱ ልጅቷን ከአጠገባቸው አስቀምጠው መደብ ያሠሯት ጀመር፤ አምስት አምስት ቲማቲም በየመደቡ። «ይህ መደብ ጎደለ ወይስ ሞላ?» ይሏታል። «ሁለት መደብ ሸጠን ስንት ቀረን?» ይሏታል። ደንበኛ ሲመጣ ምራቂውን የምትጨምረው እርሷ ሆነች።

ከሦስት ወር በኋላ እንደገና ከጠረጴዛው ዳር ተቀመጥን። ሽምብራውን በትነን «ሰባት ስጪኝ» አልናት። አልቸኮለችም። አምስቱን ለብቻ ሰበሰበች፤ ሁለቱን ከጎን አኖረች። «አንድ መደብ ከሁለት ምራቂ ጋር» አለችን። አዳራሽ አልነበረም፤ ተክቢራም አልተሰማም። እኛ ግን ከዚያ ከመቶው ይልቅ በዚህ ሰባት አላህን አመሰገንን።

ውድ ለጋሾች፣ እንግዲህ ልመናችን ይህ ነው። ልጆቻችሁን ልትጎበኙ ስትመጡ እስከ መቶ እንዲቆጥሩላችሁ አትጠይቁ፤ እኛም ለእናንተ ብለን አናስቆጥራቸውም። አጠገባቸው ተቀምጣችሁ «አራት ስጠኝ» በሏቸው፤ ብትሳሳቱም እንዲያርሟችሁ ፍቀዱላቸው። ክዳን፣ ካርቶንና ስንጥር ዋጋ የላቸውም። ዋጋ ያለው ከልጁ አጠገብ የሚቀመጥ ሰው ነው። አባት ያለው ልጅ ማታ እጀራ ሲቆረስ፣ ጠዋት ጫማ ሲታሰር ይህን በነጻ ያገኘዋል። የቲም ያጣው ይህንንም ጭምር ነው። ከምትሰጡት ገንዘብ ለረዳት መምህራን ደመወዝ የሚውለው እንዳይቆጫችሁ፤ ያ ገንዘብ የሚገዛው ይህን መቀመጥ ነው።

ውድ አሳዳጊዎች፣ እናንተም «አልተማርንም» አትበሉ። ሲኒ ስታቀርቡ ለስንት ሰው እንደሆነ ጠይቋቸው፤ ለእያንዳንዱ አንድ ሲኒ ይድረሰው። ሙስባሓውን ስትይዙ ሠላሳ ሦስቱን አብረዋችሁ ይቁጠሩ። ሲሳሳቱ ታገሡ። በእጃቸው የጨበጡትን ማንም አይወስድባቸውም።

አላህ (ሱ.ወ) ሥራችንን ከይዩልኝ ያጥራልን፤ የቲሞቻችንን ሐቃቸውን ቆጥረው የሚረከቡ፣ የሌላውንም ሐቅ ቆጥረው የሚመልሱ ያድርግልን።