የእድር ሥራ ምንድን ነው?



አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ሊቅ ሮበርት መርተን በ1949 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ የማኅበራዊ ልማድ ሥራ የሚታይና የተሰወረ ተብሎ እንደሚለይ አስተማረ። እድርንም በዚህ ሚዛን እንመዝነው። የሚታየው ሥራው ሬሳ መቅበርና ሐዘንተኛን ማጽናናት ነው። የተሰወረው ግን ወደ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከየአገሩ የመጣውን እንግዳ ጎረቤት ማድረጉ ነው።

በ2015 ዓ.ም. ሦስቱ ከተሞች ከሌሎች ጋር ተጠቃለው ሸገር ከተማ ሲባሉ ብዙ ቤት ፈረሰ። «ቀባሪ አታሳጣኝ» ብሎ ለሚጸልይ ሰው፣ ከሰፈሩ መበተን ጣሪያ ከማጣት ይብሳል። መርተንም ለአንዱ የሚጠቅም ነገር ሌላውን ሊጎዳ እንደሚችል አስጠንቅቋል። እንግዲህ ወገኖቼ፣ «ፕላኑ ምን ይሠራል?» ብቻ ሳይሆን «ለማን ይሠራል?» ብለን እንጠይቅ።