የናሙና ቤተሰብ ክብደት በሰው ኃይል ጥናት
በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር




በአንድ አገር ስንት ሰው ሥራ እንዳለውና ስንቱ ሥራ ፈልጎ እንዳጣ የሚነግረን አኃዝ ከየሰዉ ደጅ ተለቅሞ የመጣ አይደለም። ከብዙ ቤተሰቦች መካከል ጥቂቶቹ ተጠይቀው፣ መልሳቸው ስለ ሌሎቹም እንዲናገር ተደርጎ የተገኘ ነው። የወጥን ጨው ለማወቅ ድስቱን ሙሉ መጨረስ አያሻም፤ ሳያማስሉ ከላይ ጨልፎ መቅመስ ግን ያሳስታል። ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ነጥብ አንድ ነው፤ ይኸውም ክብደት ወይም ማባዣ የምንለው ቁጥር ጥናቱ ካለቀ በኋላ በቢሮ የሚጨመር ጌጥ ሳይሆን፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ ወደ ናሙናው የገባበት መንገድ የሚታወቅበት ሒሳብ መሆኑ ነው። መንገዱ ካልተመዘገበ ሒሳቡ አይወራረድም።

በአገራችን ብሔራዊ የሰው ኃይል ጥናት በመጋቢት 1991፣ በመጋቢት 1997፣ በሰኔ 2005 እና በየካቲት 2013 ዓ.ም. ተካሂዷል። የእንዲህ ዓይነቱ ጥናት አሠራር በመሠረቱ ባለ ሁለት ደረጃ ነው። አገሪቱ በክልል፣ በገጠርና በከተማ ከተከፋፈለች በኋላ በየምድቡ የቆጠራ ቦታዎች እንደ ቤተሰባቸው ብዛት በተመጣጠነ ዕድል ይመረጣሉ። ቀጥሎም በተመረጠው ቦታ የሚኖሩት ቤተሰቦች ሁሉ እንደ አዲስ ተመዝግበው ከዝርዝሩ የተወሰኑት በዕጣ ይወጣሉ።

ነገሩን በቁጥር ለማየት ያህል፣ በአንድ የከተማ ምድብ 60,000 ቤተሰቦች በመዝገብ አሉ፤ ከዚያም 40 የቆጠራ ቦታዎች እንመርጣለን እንበል። በመዝገቡ 150 ቤተሰቦች ያሉት ቦታ የመመረጥ ዕድሉ 40 በ150 ተባዝቶ ለ60,000 ሲካፈል የሚገኘው፣ ማለትም ከ10 አንድ ነው። መዝጋቢው በቦታው ሲደርስ አሁንም 150 ቤተሰቦች ቢያገኝና 30 ቢመረጡ፣ የሁለተኛው ደረጃ ዕድል ከ5 አንድ ይሆናል። ሁለቱ ሲባዙ ከ50 አንድ ስለሚሆን፣ እያንዳንዱ የተመረጠ ቤተሰብ ስለ 50 ቤተሰቦች ይናገራል። እንዲሁ በመዝገብ 150 ቤተሰቦች የነበሩበት ሌላ ሰፈር ግን፣ በየጓሮው የኪራይ ክፍል ተሠርቶበት 300 ቤተሰቦች ቢገኙበት፣ ከነዚያ 30 ሲመረጡ ጠቅላላው ዕድል ከ100 አንድ፣ ክብደቱም 100 ይሆናል።

አሁን በሁለቱም ሰፈሮች ናሙና ውስጥ ሥራ ያላቸውና ሥራ ፈላጊዎቹ ተደምረው 60፣ 60 ሰዎች ተገኙ እንበል። በመጀመሪያው ሥራ አጦቹ 6፣ በሁለተኛው 18 ናቸው። ክብደቱን ትተን ብንደምር 24 ከ120፣ ማለትም 20 በመቶ እናገኛለን። በክብደቱ ስናሰላ ግን 2,100 ከ9,000፣ ማለትም 23.3 በመቶ ይሆናል። ልዩነቱ የመጣው ያደገው ሰፈር በእጥፍ መናገር ሲገባው እኩል እንዲናገር በመደረጉ ነው። ሥራ ፍለጋ ከገጠር የሚመጣው ወጣት የሚከራየው ደግሞ በአብዛኛው እንዲህ ባለው ሰፈር ነው።

ስለሆነም የቤተሰብ ምዝገባው ቅጽ ተራ ወረቀት አይደለም። አንድ ተቆጣጣሪ «ከመዝገቡ ጋር አልተጣጣመም» ብሎ 300ውን ወደ 150 ቢያስተካክለው፣ ክብደቱ ወደ 50 ይወርዳል፤ የሰፈሩም ግማሽ ሕዝብ ከአገሪቱ አኃዝ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ማንኛውም የሒሳብ ጥበብ አይመልሰውም።

ሁለተኛው ጉዳይ ያልተገኙ ቤተሰቦች ናቸው። ከ30 ቤተሰቦች 24ቱ ብቻ መልስ ቢሰጡ፣ ክብደቱን በ30 ለ24 አባዝተን 100 የነበረውን 125 እናደርገዋለን። ይህ ትክክል የሚሆነው ያልተገኙት የተገኙትን የሚመስሉ እንደሆነ ብቻ ነው። በሰው ኃይል ጥናት ግን ብዙ ጊዜ አይመስሉም። በራቸው ተዘግቶ የሚገኘው በማለዳ ለሥራ የወጡት ናቸውና፤ ብቻውን የሚኖር የቀን ሠራተኛ ቀትር ላይ ቤቱ አይገኝም። በእርሱ ፈንታ እቤት የተገኘውን ጎረቤት መጠየቅ ደግሞ የባሰ ነው፤ ሳናውቀው እቤት የሚውለውን ሰው መርጠናልና። መድኃኒቱ በማታም በበዓል ቀንም ተመላልሶ ማንኳኳትና የተመላለስንበትን ቁጥር መመዝገብ ነው።

ሦስተኛው የማዕቀፉ ዕድሜ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ላይ የተመሠረተው ማዕቀፍ 84,915 የቆጠራ ቦታዎች ሲኖሩት፣ እያንዳንዱ በአማካይ 181 ቤተሰቦች ይዞ ነበር። በኋላ ለተላለፈው ቆጠራ በተከናወነው የካርታ ሥራ የተገኘውና በ2011 ዓ.ም. ለአነስተኛው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ያገለገለው ማዕቀፍ ግን 149,093 ቦታዎች፣ በአማካይ 131 ቤተሰቦች የያዙ ነበሩት። በሁለቱ መካከል ስንት መንደር ከተማ ሆኗል! አዲስ ምዝገባ በተመረጠው ቦታ ውስጥ ያለውን ዕድገት ያሳየናል፤ በካርታው ላይ ጨርሶ ያልሰፈረውን ሰፈር ግን ሊያስገባልን አይችልም።

ከዚህም የሚከተል አንድ ሕግ አለ፤ የመመረጥ ዕድሉ ዜሮ የሆነውን ሰው ምንም ክብደት አይወክለውም። የ1997ቱ ጥናት በአፋርና በሶማሌ ክልሎች ተዘዋዋሪ የሆነውን ሕዝብ አልሸፈነም፤ የ2013ቱ ደግሞ በጦርነቱ ምክንያት ትግራይን አላካተተም። ውጤቱን ከሕዝብ ብዛት ትንበያ ጋር አስተካክለን ድምሩን ልናስማማ እንችል ይሆናል። ያልተጠየቀውን ሰው መልስ ግን አንፈጥርለትም። ይህ ማስጠንቀቂያ በግርጌ በትናንሽ ፊደል ሳይሆን ከዋናው አኃዝ አጠገብ ሊጻፍ ይገባዋል።

ባልደረቦቼ ሆይ፤ በእነዚህ ምክንያቶች ሦስት ነገሮችን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የምዝገባው ቅጽ ሳይነካ ከመረጃው ጋር ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ ያልተገኘ ቤተሰብ በጎረቤት አይተካ። ሦስተኛ፣ የየደረጃው የመመረጥ ዕድልና የመጨረሻው ክብደት መረጃው ለሚሰጠው ተመራማሪ ሁሉ አብረው ይሰጡ፤ ተከታዩ ባለሙያ ሒሳባችንን መልሶ ሊያሰላው ይችል ዘንድ።

የሥልጠና ተቋም የት እንደሚከፈት፣ ለሥራ ፈጠራ የሚመደበው ገንዘብ ለየትኛው ከተማ እንደሚሄድ የሚወሰነው በእነዚህ አኃዞች ነው። በአንድ ቤተሰብ ጀርባ የቆሙት 100 ቤተሰቦች እኛን አያውቁንም፤ ስለ እነርሱ የሚነገረውም ምን እንደሆነ አይሰሙም። ጥንቃቄ ያለብንም ስለዚሁ ነው።