ከወለድን በኋላም ግፊታችንን እንለካ



እኛ የጥሊሊ ሴቶች ስለ ወሊድ ስናወራ ወሬው የሚያልቀው በገንፎው ነው። እናትና ልጅ በሰላም ከተገላገሉ፣ እልል ከተባለ፣ ሌላውን ማን ይጠይቃል? ዛሬ ከእልልታው በኋላ ስላለው እንነጋገር ብለናል።

ከመካከላችን አንዲት እህታችን በሁለተኛ እርግዝናዋ ፊቷና እጇ አበጠ። እኛም «መንታ ይሆናል» ብለን ሳቅን። ኋላ ራስ ምታቱ ጠናባት፣ ዓይኗም ብዥ አለባት። ጤና ጣቢያ ስትደርስ ግፊቷ ከፍ ብሏል፣ ሽንቷ ውስጥም ፕሮቲን ተገኘ። ወደ ሆስፒታል ተላከች፤ ማግኒዚየም ሰልፌት ተሰጥቷት፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ሳያንቀጠቅጣት ወለደች። ከዓመታት በኋላ ድካም አልለቅ ሲላት ብትመረመር ኩላሊትሽ ተጎድቷል ተባለች። ያን ጊዜ «ስታረግዢ ግፊት ነበረብሽ?» ተብላ ተጠየቀች። እሷ እኮ ረስታዋለች። እኛም ረስተነዋል።

ኩላሊት ደምን የሚያጣራው በጣም በቀጫጭን የደም ሥሮች ነው። የእርግዝና ግፊት እነዚህን ይጎዳል፤ ፕሮቲኑ በሽንት የሚወጣው ወንፊቱ ስለሳሳ ነው። አብዛኛዎቻችን ከወለድን በኋላ ይሻለናል። ነገር ግን በኖርዌይ የብዙ እናቶችን መዝገብ ለዓመታት የተከታተሉ ሐኪሞች እንዳገኙት፣ ይህ ሕመም የነበረባት ሴት ኩላሊቷ ፈጽሞ የመድከም ዕድሉ ካልነበረባት ሴት ከ4 እጥፍ በላይ ነው። አትደንግጡ፤ የሚደርሰው ለጥቂቶች ነው። ለደረሰባት ግን እጥበቱ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ነው። ንቅለ ተከላም በአገራችን በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተጀመረው ገና በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚህ ተነስቶ እዚያ መመላለስ ላምም በሬም ያሸጣል።

በ45ኛው ቀን ልጃችንን ለክትባት ስንወስድ የልጁ እንጂ የእናቱ ክንድ ትዝ አይለንም። የዚያን ቀን «የኔንም ለኩልኝ» እንበል። ከወለድን 3 ወር አልፎም ልኬቱ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ «የእርግዝና ነው፣ ይተወኛል» አንበል። ከዚያም በየዓመቱ ግፊትና ሽንት እንመርመር። ለወገብ ሕመም ብለን ዳይክሎፌናክ በራሳችን እየገዛን መዋጥም ኩላሊትን ይጎዳልና ይቅርብን።

ደጋፊዎቻችንን የምንለምነው አንድ የግፊት መለኪያ ነው። እናንተ እህቶች ደግሞ ለሚቀጥለው ስብሰባ ስትወልዱ ሆስፒታል የሰጣችሁን ወረቀት ከሣጥን አውጥታችሁ ይዛችሁ ኑ። ማንበብ ለማትችል እናነብላታለን።