የትምህርት ቤት ገንዘብና የአከፋፈሉ ሚዛን



ስለ ትምህርት በሚነገርበት ጉባኤ ሁሉ መጽሐፉ ይነሣል፤ መምህሩ ይነሣል፤ የተማሪው ትጋት ወይም ስንፍና ይነሣል። ትምህርት ቤቱ የሚተዳደርበት ገንዘብ ከየት እንደሚመጣና በምን ሚዛን እንደሚከፋፈል ግን እምብዛም አይነገርም፤ የሒሳብ ሹም ጉዳይ ነው ተብሎ ይታለፋል። ነገሩን ጠጋ ብሎ ለመረመረው ሰው ግን ሕፃኑ ገና ፊደል ሳይቆጥር፥ ከሚያገኘው ትምህርት ብዙው ክፍል በዚያ መዝገብ ላይ አስቀድሞ ተወስኖ ይገኛል።

ይህን በግልጥ የሚያሳይ አንድ ታሪክ በአሜሪካ፥ በቴክሳስ ግዛት ተፈጽሟል። ታሪኩ የሩቅ አገር ይሁን እንጂ፥ ቁጥሩ በፍርድ ቤት ተመርምሮ የተመዘገበ ስለሆነ ለመምህር ጥሩ መማሪያ ነው። (የውጭ አገር ነገር በሚወሳበት ጊዜ ዓመቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፥ የኢትዮጵያ ነገር በሚወሳበት ጊዜ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።)

በሳን አንቶኒዮ ከተማ አካባቢ ኤጅዉድና አላሞ ሃይትስ የሚባሉ ሁለት የትምህርት ወረዳዎች አሉ። የሚተዳደሩበት የግዛት ሕግ አንድ ነው። በኤጅዉድ ወረዳ በ1960ዎቹ መጨረሻ 22,000 ያህል ተማሪዎች በ25 ትምህርት ቤቶች ይማሩ ነበር፤ ከእነርሱም ከመቶ ዘጠናው ያህል የሜክሲኮ ተወላጆች ልጆች ነበሩ። አላሞ ሃይትስ ግን የባለጠጎች መንደር ሲሆን፥ 5,000 ያህል ተማሪዎች በ6 ትምህርት ቤቶች ይማሩበት ነበር።

የየወረዳው ገንዘብ ከሦስት ምንጭ ይመጣ ነበር፤ ይኸውም ወረዳው ራሱ በቤትና በመሬት ላይ ከሚጥለው ግብር፥ ከግዛቱ መንግሥትና ከፌዴራሉ መንግሥት ነው። በ1967–68 የትምህርት ዓመት በኤጅዉድ የነበረው የቤትና የመሬት ዋጋ ለተማሪዎቹ ቁጥር ሲካፈል ለአንዱ 5,960 ዶላር ደረሰ፤ በአላሞ ሃይትስ ከ49,000 ዶላር በላይ ነበር። የኤጅዉድ ሕዝብ በየ100 ዶላሩ ንብረት 1 ዶላር ከ5 ሳንቲም ግብር ሲከፍል፥ የአላሞ ሃይትስ ሕዝብ 85 ሳንቲም ብቻ ይከፍል ነበር። እንግዲህ ድኻው ከባለጠጋው አብልጦ ራሱን አስጨንቋል ማለት ነው። ለግዛቱ የጋራ መርሐ ግብር የሚታሰበው ድርሻ ከተቀነሰ በኋላ ግን ከዚህ ግብር ለአንድ ተማሪ የተረፈው በኤጅዉድ 26 ዶላር፥ በአላሞ ሃይትስ 333 ዶላር ሆነ።

«ድኻው ግብሩን ጨምሮ ልጁን ያስተምር» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህም በፍርድ ቤት ተሰልቷል። ኤጅዉድ በዚያ አካባቢ ካሉት ወረዳዎች ከፍተኛውን ገቢ ካገኘው ጋር ለመተካከል ቢፈልግ በየ100 ዶላሩ 5 ዶላር ከ76 ሳንቲም ማስከፈል ነበረበት፤ አላሞ ሃይትስ ግን 68 ሳንቲም ይበቃው ነበር። የግዛቱ ሕግ ደግሞ ከ1 ዶላር ከ50 ሳንቲም በላይ ማስከፈልን ይከለክል ነበር። ስለዚህ ድኻው ወላጅ የመጨረሻ ጥሪቱን ለልጁ ትምህርት ሊያውል ቢነሣ እንኳ ሕጉ ራሱ እጁን ይይዘው ነበር።

የግዛቱ መንግሥት ዕርዳታ ይህን ጉድለት ይሞላ ዘንድ የታሰበ ነበር። ሆኖም ለአንድ የኤጅዉድ ተማሪ የደረሰው 222 ዶላር ሲሆን፥ ለአንድ የአላሞ ሃይትስ ተማሪ የደረሰው 225 ዶላር ነው። ለድኻው መደጎሚያ የተባለው ገንዘብ በ3 ዶላር ወደ ባለጠጋው አዘነበለ! የፌዴራሉ መንግሥት ለኤጅዉድ 108፥ ለአላሞ ሃይትስ 36 ዶላር ጨምሮ ጥቂት ቢያቃናውም፥ ጠቅላላው ድምር 356 እና 594 ዶላር ሆኖ ቀረ።

ስለዚህች 3 ዶላር ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል፤ በዚህ ጉባኤ ላለ ሰው ከሌላው ቁጥር ሁሉ ይልቅ የምትነካው እርስዋ ናትና። የግዛቱ መንግሥት ዕርዳታ በአብዛኛው የመምህራን ደመወዝ ነበር። ደመወዙም የሚታሰበው በመምህሩ የትምህርት ደረጃና በአገልግሎቱ ዘመን ነው። በዚያን ጊዜ ከኤጅዉድ መምህራን ከመቶ 47ቱ በጊዜያዊ ፈቃድ የሚያስተምሩ ሲሆኑ፥ በአላሞ ሃይትስ እንዲህ ያሉት ከመቶ 11 ብቻ ነበሩ። የተማረውና የበሰለው መምህር ወደ ደኅናው ወረዳ ይሄዳል፤ ከፍ ያለው ደመወዙም ተከትሎት ይሄዳል። እንግዲህ ማንም ክፉ ሳያስብ፥ ሁሉም ሕጉን አክብሮ ሲሠራ፥ የመንግሥቱ ገንዘብ በመምህሩ ጫማ ተራምዶ ከድኻው ወደ ባለጠጋው ይሻገራል።

በግንቦት 1968 ወደ 400 የሚሆኑ የኤጅዉድ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የተሰበረው መስኮት እንዲጠገንና ብቁ መምህር እንዲመደብላቸው ጠይቀው ከክፍላቸው ወጡ። በዚያው ዓመት ዲሜትሪዮ ሮድሪጌዝ የሚባል፥ በአየር ኃይል ሰፈር የቆርቆሮ ሥራ የሚሠራ አባት፥ ከሌሎች ወላጆች ጋር ሆኖ ክስ መሠረተ። በ1971 የፌዴራሉ የበታች ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። ነገር ግን ጉዳዩ በይግባኝ ወደ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፥ መጋቢት 21 ቀን 1973 አምስት ዳኞች በአራት በልጠው ፍርዱን ሻሩት። የብዙኃኑን ፍርድ የጻፉት ዳኛ ሉዊስ ፓወል፥ የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ትምህርትን በስም ጠቅሶ መሠረታዊ መብት አላደረገውም፤ ሕዝብም የአካባቢውን ትምህርት ቤት በራሱ ግብር ማስተዳደሩ የሚናቅ ጥቅም አይደለም አሉ። ዳኛ ተርጉድ ማርሻል በብርቱ ተቃወሙ፤ ሆኖም በቁጥር ተሸነፉ።

ከዚህ በኋላ ክርክሩ ወደ ግዛቱ ፍርድ ቤት ዞረ። የቴክሳስ ሕገ መንግሥት ለዕውቀት መስፋፋት የሚበጅ ብቁ የሕዝብ ትምህርት ሥርዓት እንዲቆም ያዛልና፥ በ1984 ኤጅዉድና ሌሎች ወረዳዎች በዚህ ቃል ላይ ተመሥርተው ከሰሱ። በጥቅምት 1989 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘጠኙም ዳኞች ተስማምተው ፈረዱላቸው። በዚያን ጊዜ በባለጠጋው ወረዳና በድኻው ወረዳ መካከል ለአንድ ተማሪ የሚደርሰው የንብረት ልዩነት 700 ለ1 ያህል ነበር። የግዛቱ ምክር ቤት ያወጣቸው ሕጎች ሁለት ጊዜ ከተሻሩ በኋላ፥ በ1993 ከባለጠጋ ወረዳዎች የተረፈው ገቢ ተወስዶ ለድኾቹ እንዲውል የሚያዝዝ ሕግ ወጣ፤ ይህም በ1995 በፍርድ ቤት ጸና። ሕዝቡ ሕጉን ከባለጠጋ ነጥቆ ለድኻ ይሰጥ በነበረው በእንግሊዝ ተረት ሽፍታ ስም «ሮቢን ሁድ» ብሎ ጠራው። በ1968 የስድስት ዓመት ሕፃን የነበረ ተማሪ ሕጉ በጸናበት ጊዜ የ33 ዓመት ጐልማሳ ሆኖ ነበር።

ሕጉም ቢሆን ነውር አላጣም። ሂዩስተን በግዛቱ ትልቋ ከተማ ስትሆን፥ በንግድ ቤቶችዋና በሕንፃዎችዋ ዋጋ ባለጠጋ ተብላ ተመዘገበች፤ በትምህርት ቤቶችዋ ያሉት ልጆች ግን አብዛኞቹ የድኻ ልጆች ናቸው። በ2016 ሕዝቡ ለሌሎች ወረዳዎች ገንዘብ እንዲከፈል በድምፅ ተጠይቆ እምቢ አለ፤ በ2017 ደግሞ አማራጩ የባሰ መሆኑን አይቶ ተቀበለ። የመሬቱን ዋጋ ብቻ የሚመዝን ሚዛን ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ሕፃን አያየውም።

ዳኛ ፓወል ያነሡት ምክንያት ግን እንዲሁ የሚጣል አይደለም። በገዛ ገንዘቡ የሠራውን ትምህርት ቤት ወላጅ ይጠብቀዋል፤ ጣሪያው ሲነቀል ይቆጨዋል፤ መምህሩ ሲቀር ይጠይቃል። የገጠር ትምህርት ቤት በሕዝብ ድንጋይና እንጨት ሲሠራ ያየ ሰው ይህን አይክደውም። ጥፋቱ ሕዝቡ ማዋጣቱ ሳይሆን፥ መዋጮው የትምህርት ቤቱ ዕድል መለኪያ መሆኑ ነው። እኩል የደከመ ሕዝብ እኩል ፍሬ የሚያገኝበት ሥርዓት ቢቆም፥ አካባቢው ትምህርት ቤቱን መጠበቁም አይቀርም፤ ፍትሑም አይጐድልም።

በኢትዮጵያም ነገሩ እንግዳ አይደለም። በ1940 ዓ.ም. የትምህርት ግብር በመሬት ላይ ሲጣል፥ ገቢው በተሰበሰበበት ጠቅላይ ግዛት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውል ታዘዘ። ሐሳቡ በጊዜው ታላቅ ነበር፤ ባላገሩ የሚከፍለው ገንዘብ ለገዛ ልጁ እንደሚውል ያውቅ ዘንድ ነውና። ነገር ግን መሬቱ ለም በሆነበትና በጋሻ በተለካበት ስፍራ ግብሩ ሲበዛ፥ ዘላን ከብት በሚያረባበት ቆላ ከመሬት የሚገኘው ገቢ ጥቂት መሆኑ ግድ ነበር። ያ ግብር ከመሬት ሥሪቱ ጋር አብሮ አልፏል።

ዛሬ የፌዴራሉ መንግሥት ድጎማ ለክልሎች የሚከፋፈለው የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሚወስነው ቀመር ነው። ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ቀመሩ ክልሉ ሊያገኝ የሚችለውን ገቢና ሊያወጣ የሚገባውን ወጪ ያመዛዝናል። ይህ ከቴክሳስ የድሮ ሥርዓት እጅግ የተሻለ ነው። ግን ቀመሩ በክልል ደጃፍ ይቆማል። ገንዘቡ ወደ ወረዳ፥ ከወረዳም ወደ ትምህርት ቤት ሲወርድ ያች 3 ዶላር ተመልሳ ትመጣለች። የወረዳው የትምህርት በጀት አብዛኛው ደመወዝ ነውና፤ ደመወዙም በደረጃና በአገልግሎት ያድጋል። ሃያ ዓመት ያስተማረው መምህር ዝውውር ጠይቆ ወደ ከተማው ሲገባ፥ መንገድ ወደማይደርስበት ትምህርት ቤት የሚላከው ዘንድሮ ከማሠልጠኛ የወጣው ወጣት ነው። በመዝገቡ ላይ ሁለቱም ትምህርት ቤቶች አንዳንድ መምህር አግኝተዋል፤ በመንግሥት ገንዘብ ሲታይ ግን የከተማው ትምህርት ቤት ከገጠሩ ይበልጣል። የዝውውር ሥርዓቱ ለደከመ መምህር ዕረፍት መስጠቱ መልካም ነው፤ ስለ ገጠሩ ልጅ ኪሣራ ግን ማንም ሒሳብ አይዝም።

«እንግዲያስ ለእያንዳንዱ ተማሪ እኩል ይሰጥ» ማለት የቀለለ መፍትሔ ይመስላል። ኬንያ በ2003 የአንደኛ ደረጃን ትምህርት በነፃ ስታደርግ ለአንድ ተማሪ በዓመት 1,020 ሺሊንግ መደበች፤ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ ሕፃናትም ወደ ትምህርት ቤት ጎረፉ። ይህ በታሪክ የሚመሰገን ሥራ ነው። ሆኖም ያው 1,020 ሺሊንግ ለናይሮቢም ለቱርካናም እኩል ነበር። መቶ ተማሪ ያለው ትምህርት ቤትም ሆነ ሺህ ተማሪ ያለው አንድ ርእሰ መምህር፥ አንድ ጥበቃ፥ አንድ ጉድጓድ ውሃ ያስፈልገዋል፤ በነፍስ ወከፍ የተቈጠረው ገንዘብ ግን ለትንሹ ዐሥር እጅ ያንሳል። ጠመኔውም ከገበያ ርቆ በአህያ ሲጓጓዝ ዋጋው ይጨምራል።

ስለዚህ የሚበጀው ሚዛን ሦስት ነገር የሚቆጥር ነው። የመጀመሪያው የተማሪው ቁጥር ነው፤ ይህ ማንም የሚያውቀው ነው። ሁለተኛው ትምህርት ቤቱ ትንሽ ቢሆንም ሩቅ ቢሆንም ሳይዘጋ ለመቆም የሚያስፈልገው ቋሚ ወጪ ነው። ሦስተኛውና የተረሳው የመምህሩ ብስለት ነው፤ አንድ ትምህርት ቤት ጀማሪ መምህራን ብቻ ደርሰውት በደመወዝ በኩል ያነሰ ገንዘብ ከወሰደ፥ ልዩነቱ ለዚያው ትምህርት ቤት ተመልሶ ለመምህራን መኖሪያ ቤት፥ ለሩቅ ቦታ አበልና ለመጻሕፍት ይዋል። ይህ ቢደረግ የበሰለ መምህርም ወደዚያ ለመሄድ ምክንያት ያገኛል። ትእዛዝ ብቻውን መምህርን በሩቅ ቦታ እንደማያቆይ ከዚህ ጉባኤ ይልቅ የሚያውቅ የለም።

ይህን ለመጀመር ግን አዲስ ዐዋጅ መጠበቅ አያሻም። የመምህራን ማኅበር ቅርንጫፎች በየወረዳቸው አንድ ሰንጠረዥ ሊያዘጋጁ ይችላሉ፤ በአንድ ረድፍ የትምህርት ቤቱ ስም፥ ቀጥሎ የተማሪው ቁጥር፥ የመምህራኑ የትምህርት ደረጃ፥ የአገልግሎታቸው ዘመን፥ ዓመታዊ የደመወዛቸው ድምር፥ ለሥራ ማስኬጃ የደረሰው ገንዘብ፥ ከሕዝብ የተዋጣው። ቁጥሩ በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤትና በገንዘብ ጽሕፈት ቤት መዝገብ ውስጥ ተበታትኖ ይገኛል። በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ተጽፎ በወረዳው ምክር ቤት ፊት፥ በጀቱ ከመጽደቁ በፊት ባለው ወር ውስጥ ይቅረብ። ከሁሉ አስቀድሞ መሞላት የሚገባው የአገልግሎት ዘመኑ ረድፍ ነው።